የልጅ ካሜራ የሚያየውና የማያየው
«አፍተርሰን» ስለተባለው ፊልም



ሰው ካሜራ ፊቱ ሲደቀን ልብሱን ያስተካክላል፤ ፊቱን ያበራል፤ የከፋውም ቢሆን ለጥቂት ጊዜ ይሥቃል። ስለዚህ ከብዙ ዓመት በኋላ የቤተሰቡን ሥዕል የሚመለከት ልጅ የወላጁን ሣቅ ያገኛል እንጂ ከሣቁ በስተኋላ የነበረውን አሳብ አያገኝም። «አፍተርሰን» የተባለው ፊልም ይህንኑ ጉዳይ የሚመረምር ነውና ዛሬ ስለ እርሱ ጥቂት እናስረዳለን። ስሙ ከፀሐይ ቃጠሎ በኋላ ቆዳን ለማለዘብ የሚቀባው ቅባት ስም ነው።

ፊልሙን ደርሳ ያዘጋጀችው ስኮትላንዳዊቷ ሻርሎት ዌልስ ስትሆን፥ ይህ የመጀመሪያ ረጅም ፊልሟ ነው። ለሕዝብ መጀመሪያ የታየው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በግንቦት ወር 2022 ዓ.ም. በፈረንሳይ አገር በካን የፊልም በዓል ላይ ነው። አባትየውን ሆኖ የተጫወተው አየርላንዳዊው ፖል መስካል በሚከተለው ዓመት ለኦስካር ሽልማት በዕጩነት ቀርቦበታል። ልጅቱን ሆና የተጫወተችው ፍራንኪ ኮሪዮ ግን ከዚያ በፊት በፊልም ሠርታ አታውቅም ነበር።

ታሪኩ አጭር ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ ገደማ ሶፊ የምትባል የ11 ዓመት ልጅ፥ ከእናቷ ጋር ከተለያየው አባቷ ከካለም ጋር ለዕረፍት ወደ ቱርክ አገር የባሕር ጠረፍ ትሄዳለች። ካለም 31 ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀን የቀረው ወጣት ነው። አባትና ልጅ ይዋኛሉ፤ ይጫወታሉ፤ ይኮራረፋሉ፤ ይታረቃሉ። ሶፊም በትንሽ የቪዲዮ ካሜራ አባቷን ታነሣዋለች። ከ20 ዓመት በኋላ፥ አባቷ በዚያን ጊዜ በነበረበት ዕድሜ ላይ ስትደርስ፥ ያንኑ ካሴት መልሳ ትመለከታለች።

እንዲህ ያለው መሣሪያ ለልጅ እጅ መብቃቱ ራሱ ለዘመኑ አዲስ ነገር ነበር። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1965 ዓ.ም. የወጣው «ሱፐር 8» የተባለው የቤተሰብ ፊልም አንዱ ጥቅል ከ3 ደቂቃ እምብዛም አያልፍም ነበርና፥ አንሺው ዋና ዋናውን ብቻ እየመረጠ በቁጠባ ያነሣ ነበር። በ1995 ዓ.ም. የመጣው «ሚኒ ዲቪ» ግን በአንድ ትንሽ ካሴት አንድ ሰዓት ያህል ስለሚቀዳ፥ ልጅ እንኳ ያለ ስስት ሊያነሣበት ቻለ። እነሆ፥ ከበዓሉና ከሠርጉ ሌላ ተራው ቀን፥ ዝምታውና የእጁ መንቀጥቀጥ ሳይቀር በካሴት ይገባ ጀመር።

አንባቢ ሆይ፥ ፊልሙን ስትመለከት ሦስት ዓይነት ሥዕል መኖሩን አስተውል። አንደኛው ሶፊና አባቷ በካሜራው ያነሡት ደብዛዛና የሚንቀጠቀጥ ሥዕል ነው። ሁለተኛው በ35 ሚሊሜትር ፊልም የተነሣው ዋናው ታሪክ ነው። በዚህ ውስጥ ካለም ለብቻው ሆኖ ሲያለቅስ እናያለን። ልጅቱ ይህን አላየችም፤ አድጋ በአሳቧ የሞላችው ክፍል ነው ብንል ከፊልሙ አካሄድ ጋር ይስማማል። ሦስተኛው ብርሃን በሚብለጨለጭበት ጨለማ የጭፈራ አዳራሽ ውስጥ ያደገችው ሶፊ ወጣቱን አባቷን የምትፈልግበት ነው። እንግዲህ የመጀመሪያው ማስረጃ፥ ሁለተኛው ግምት፥ ሦስተኛው ናፍቆት ነው ማለት ይቻላል።

የፊልሙ ቁም ነገር በአንድ የሆቴል ክፍል ውስጥ ይገለጣል። ሶፊ ካሜራውን ደቅና ስለ 11 ዓመት ዕድሜው አባቷን ትጠይቀዋለች። ካለም ፊቱ ይለወጥና ካሜራውን እንድትዘጋ ያደርጋል። እርሷም በራሷ የአእምሮ ካሜራ እንደምትቀዳው ትነግረዋለች። ከዚያ በኋላ ተመልካቹ ሁለቱን የሚያያቸው በጠፋው ቴሌቪዥን ጥቁር መስታወት ላይ እንደ ጥላ ሆነው ነው። አባትየውም 11 ዓመት በሞላው ቀን ልደቱን ከቤተሰቡ ማንም እንዳላስታወሰለት የሚያወራው በዚያን ጊዜ ነው። ልብ በሉ፤ ልጅቱ ስለ አባቷ ልታውቀው ይገባ ከነበረው ሁሉ ዋነኛው በካሴቱ ላይ የለም። የተነገረው ካሜራው ከተዘጋ በኋላ ነው።

ካለም በኋላ ምን እንደ ሆነ ፊልሙ በቃል አይናገርም። አንዳንድ ተመልካች ይህን እንደ ጉድለት ይቈጥረዋል። ነገር ግን ሶፊ ራሷ በእጇ ካለው ካሴት በቀር ሌላ መልስ ስለሌላት፥ እኛም ከእርሷ የበለጠ እንድናውቅ አልተፈቀደልንም። መልሱ ቢነገረን ኖሮ ታሪኩን ሰምተን እንሄድ ነበር፤ አሁን ግን ከእርሷ ጋር ሆነን እንፈልጋለን።

ዛሬ ካሜራ በየሰው ኪስ ውስጥ ነው፤ የምናነሣውም ሥዕል ተቈጥሮ አያልቅም። ይሁንና ሥዕል ቢበዛ ሰውን ማወቅ በዚያው ልክ አይጨምርም። በቤታችሁ የቆየ ካሴት ወይም አልበም ቢኖር፥ በመካከል ቆሞ የሚሥቀውን ብቻ ሳይሆን በዳር ፊቱን የመለሰውን ደግሞ ተመልከቱ። ወላጆቻችሁ በሕይወት ካሉ ግን የሚበልጥ ዕድል አላችሁ፤ ይኸውም ካሜራውን አስቀምጦ መጠየቅ ነው።