ድሪቶ ወይስ ጌጥ?

«ድሪቶ» የሚለው ቃል ሲነሳ ብዙዎቻችን ፊታችንን እናጠቁራለን። ቃሉ ከእጦት ጋር ተቆራኝቷልና። ልብሱ በላይ በላዩ እየተጣፈ ያለቀበትን ሰው «ድሪቶ ለባሽ» እያልን ስናሸማቅቅ ኖረናል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ልብሳቸውን በገዛ እጃቸው ይጥፉ፣ ጫማቸውንም ይጠግኑ እንደነበር እየተማርን ማደጋችንን ስናስበው ደግሞ ነገሩ ያስገርማል። ለመሆኑ እራፊ ጨርቅ ሁልጊዜ የማጣት ምልክት ነውን?

በደቡብ ምዕራብ ሕንድ፣ በካርናታካ ክፍለ ግዛት ለሚኖሩት የሲዲ እናቶች እንዲህ አይደለም። ሲዲዎች በየዘመኑ ከምሥራቅ አፍሪካ በባርነት፣ በወታደርነትና በመርከበኝነት ወደ ሕንድ የተሻገሩ ሰዎች ዘሮች ናቸው። በሕንድ «ሀበሺ» እየተባሉም ተጠርተዋል። ከኢትዮጵያ በባርነት ተወስዶ የአሕመድናገርን ሱልጣኔት በእንደራሴነት እስከ መምራት የደረሰውና በ1626 እ.ኤ.አ. የሞተው መሊክ አምበር ከእነዚሁ ሀበሺዎች አንዱ ነበር። የካርናታካዎቹ ግን ፖርቱጋሎች ይገዟት ከነበረችው ከጎዋ አምልጠው ጫካ ከገቡ ባሪያዎች የመጡ እንደሆኑ ይነገራል። ሙስሊሞችም፣ ክርስቲያኖችም፣ ሂንዱዎችም አሉባቸው።

እነዚህ እናቶች «ካዋንዲ» የሚሉትን ባለ ብዙ ቀለም ብርድ ልብስ የሚሰፉት በእጃቸው ነው። መጀመሪያ ያረጀ ሳሪ መሬት ላይ ይዘረጋል። ከዚያ ካለቁ ልብሶች የተቆረጡትን እራፊዎች ይዘው ከአንድ ማዕዘን ይነሳሉ፤ ጠርዝ ጠርዙን ዙሪያውን እየዞሩም ወደ መሐል ይገባሉ። የእያንዳንዱ እራፊ ጫፍ ወደ ውስጥ ይታጠፍና በወጣ ገባ ስፌት ከታችኛው ጨርቅ ጋር ይያያዛል። ብልሃቱ እዚህ ላይ ነው። በብዙ አገር ፊቱ ለብቻው ተገጣጥሞ ካለቀ በኋላ ነው ከታችኛው ጋር የሚሰፋው፤ እዚህ ግን መጣፉም መደረቡም በአንድ ክር ያልቃል። ጠርዙም ከመነሻው ታጥፎ ስለሚሰፋ በመጨረሻ መዘምዘም አያስፈልግም። በ2011 እ.ኤ.አ. ሥራዎቻቸው ኒውዮርክ በሚገኘው የሾምበርግ ማዕከል ለእይታ ቀርበው ነበር።

በቤታችን ብንሞክረውስ? ትዕግሥት ይጠይቃልና ጀማሪ በሕፃን ልጅ መጠን ቢጀምር ይሻላል። ለታችኛው ያረጀ አንሶላ ይበቃል። ለላይኛው ያለቀ ድሪያ፣ የልጆች ሸሚዝ፣ ሻሽ፣ ከልብስ ሰፊ ደጅ የሚጣል ቁርጥራጭ ሁሉ ይሆናል። ግን ሁሉም አስቀድሞ ይታጠብ፤ ቀለም የሚለቅ አንድ ቀይ እራፊ የወር ልፋት ያበላሻል። ጂንስን ከስስ ጨርቅ ጎን አታድርጉ፣ ስሱ ቶሎ ይቀደዳል። ሥራውን ጭን ላይ ከመያዝ ሰሌን ላይ ዘርግቶ በመዳፍ እያስተካከሉ መስፋት ይመረጣል፤ አለዚያ መሐሉ ይኮማተራል። የስፌቱ መስመሮች የአንድ ጣት ወርድ ያህል ቢራራቁ ጨርቁ አይላቀቅም። ቀለሙን ልጆች ይምረጡ፤ መርፌም ይያዙ፣ ወንዶቹንም ጨምሮ።

አራቱ ማዕዘኖች ላይ ሲዲዎች «ፉላ» ማለትም አበባ የሚሉትን ያኖራሉ፤ በሦስት ማዕዘን የታጠፉ፣ ቀለማቸው የተለያየ፣ የተደራረቡ እራፊዎች ናቸው። ሙስሊሞቹ አንዳንድ ጊዜ ጨረቃ፣ ክርስቲያኖቹ መስቀል ይጨምሩበታል። ፉላ የሌለው ካዋንዲ በእነሱ ዘንድ እርቃኑን እንደ ቀረ ነው የሚቆጠረው።