ኪሮሽ የሚሠራ እጅ እንዳይታመም

ላፍቶ የሚለው ስም በኦሮምኛ ግራር ማለት ነው። ዛሬ ላፍቶ በአዲስ አበባ፣ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ የሚገኝ የከተማ ሠፈር ነው። ከጥቂት አሥርት ዓመታት በፊት ግን ዙሪያው የእርሻ አገር ነበር። እርሻው ቤት ሆነ፤ የሴቶች የእጅ ሥራ ግን አልቀረም። እንዝርት የያዘችም፣ ኪሮሽ የያዘችም እናት አሁንም አለች።

አንዲት እናት ለጥር ሠርግ የሶፋና የጠረጴዛ ዳንቴል ታዘዘች እንበል። ቀብድ ተቀብላለች። ቀብዱም ለልጆች ደብተር ወጥቷል። ስለዚህ ከቡና በኋላ ትቀመጣለች፤ እስከ እኩለ ሌሊት አትነሣም። በሁለተኛው ሳምንት እጇ እየደነዘዘ ከእንቅልፏ ይቀሰቅሳት ጀመር። ጠዋት ጀበናውን ስታነሣ ከእጇ ሊያመልጥ ይላል። ጎረቤቷ፣ «አይ፣ ብርድ ነው፤ ይተውሻል» ትላታለች።

እውነት ብርድ ነው? አይደለም። ነገሩ እንዲህ ነው።

ሕመሙ ከምን ይመጣል?

የእጃችን አንጓ 8 ትናንሽ አጥንቶች አሉት። በመዳፍ በኩል ጠንካራ መቀነት መሰል ነገር ያስራቸዋል። በአጥንቶቹና በመቀነቱ መካከል ጠባብ መተላለፊያ አለ። በዚያ በኩል ጣቶቻችንን የሚያጥፉ 9 ጅማቶችና ስሜት የሚያደርስ 1 ነርቭ ያልፋሉ። በጠባብ በር ብዙ በግ ሲጋፋ መካከል ያለው ይጨነቃል። ኪሮሽ ስንሠራ አንጓችንን አጥፈን፣ መርፌውን ጨብጠን፣ አንዱን እንቅስቃሴ ሺህ ጊዜ እንደግማለን። ጅማቶቹ ያብጣሉ፤ ነርቩም ይጨነቃል።

ነርቩ ሲጨነቅ የሚደነዝዙት አውራ ጣት፣ ጠቋሚው፣ የመሐሉና የቀለበት ጣት ግማሽ ናቸው። ትንሿ ጣት ብዙ ጊዜ ደህና ናት። ሕመሙ ሌሊት ይብሳል፤ እጅን ሲያራግፉት ቀለል ይላል።

ሌላም ዓይነት አለ። ከአውራ ጣት ሥር፣ በአንጓው ጎን የሚያም ነው። ይህ የአውራ ጣት ጅማቶች ሲቆጡ የሚመጣ ነው። ሕፃን በብብቱ ይዘው ደጋግመው የሚያነሡ እናቶችንም ያማል።

እርግዝና፣ የስኳር በሽታና የእንቅርት ዕጢ መድከም ለእጅ መደንዘዝ ያጋልጣሉ።

ይህ የኪሮሽ ሠሪዎች ጣጣ ብቻ አይደለም። ራማዚኒ የተባለ የጣሊያን ሐኪም በ1713 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፉ፣ ቀኑን ሙሉ የሚጽፉ ጸሐፊዎች እጃቸው እንደሚዝልና እንደሚታመም አስረድቷል። በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ እርሳስ የጨበጡ ጎልማሶችም ጣት ሲዝል ምን እንደሚመስል ያውቁታል። ማጭድ የሚይዝ፣ ላም የሚያልብ ገበሬም እንዲሁ ነው። ስለዚህ ወንድሞች፣ ይህን ገጽ አትለፉት።

ሳይቃጠል በቅጠል

1. ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ሠርታችሁ ዕረፉ። አንድ ረድፍ ሲያልቅ ተነሡ፤ እሳቱን ቆስቁሱ፤ ወዲያ ወዲህ በሉ።

2. መርፌውን አትጨምቁት። ቀጭን መርፌ ጣትን አጥብቆ ያስይዛል። መያዣው ላይ ጨርቅ ጠቅልሉበት፤ ወፈር ሲል እጅ ይላላል። ክሩንም ጣታችሁ ላይ አታጥብቁት።

3. አንጓችሁ ቀጥ ይበል። ጀርባን የሚደግፍ መቀመጫ ፈልጉ። ጭናችሁ ላይ ትራስ አድርጉና ክርናችሁን አሳርፉበት።

4. በብርሃን ሥሩ። በጨለማ የሚሠራ ሰው ይጎብጣል፤ አንገቱም እጁም ይደክማል።

5. ሥራ ቀያይሩ። ልብስ አጥባችሁ፣ ጨምቃችሁ ወዲያው ኪሮሽ አታንሡ። እጅ አልዐረፈማ!

6. እጃችሁን አፍታቱ። ጣቶችን ዘርጉ፤ ቀስ ብላችሁ ጨብጡ። ከዚያ ክንዳችሁን ዘርግታችሁ፣ በሌላው እጅ ጣቶቹን ወደ ኋላ በቀስታ ሳቡ። እስከ 15 ቁጠሩ። 3 ጊዜ ድገሙት። ካመማችሁ ግን ተዉት።

ከታመመስ ምን ይደረግ?

መጀመሪያ የሚያሳምመውን ሥራ ለጥቂት ቀናት አቁሙ፤ ወይም ቀንሱ። ሌሊት አንጓው እንዳይታጠፍ ቀጥ አድርጎ የሚይዝ ድጋፍ ይታሰር። ሲታሰር ይላላ፤ ደም የሚያቆም መሆን የለበትም። ለብ ያለ ውኃ የደረቀ እጅን ያፍታታል። ያበጠ ከሆነ በቀዝቃዛ ውኃ የተነከረ ጨርቅ ይሻላል።

ለወለምታ እንደሚደረገው እጁን በኃይል ማሸትና መጎተት ግን ይቅር። የተጨነቀ ነርቭን ጭራሽ ይጎዳዋል። የሕመም ማስታገሻም ቢሆን ጤና ባለሙያ ሳይጠየቅ አይወሰድ፤ በተለይ ነፍሰ ጡርና ጨጓራ ያለባት ሴት ትጠንቀቅ።

የሚከተሉት ከታዩ ሳይውል ሳይድር ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው፦

— መደንዘዙ በዕረፍት ካልተሻለ፣ ወይም ዕቃ ከእጅ የሚወድቅ ከሆነ፤
— ከአውራ ጣት ሥር ያለው የመዳፍ ሥጋ ከሟሸሸ፤
— እጁ ከቀላ፣ ካተኮሰና ትኩሳት ካለ፤
— ከመውደቅ በኋላ የመጣ ሕመም ከሆነ፤
— ቆዳ ላይ ነጣ ያለ ወይም ቀላ ያለ፣ ስሜት የሌለው ምልክት ካለ።

የመጨረሻው የሥጋ ደዌ ምልክት ሊሆን ይችላል። ቶሎ ከታወቀ በመድኃኒት ይድናል፤ የሚያሳፍርም ነገር የለውም። ከቆየ ግን ነርቭን ይጎዳል። በአዲስ አበባ ዘነበ ወርቅ የሚገኘው አለርት ሆስፒታል በ1958 ዓ.ም. የተቋቋመው ለዚሁ በሽታ ሕክምናና ሥልጠና ነው።

በአንጓ ውስጥ ለተጨነቀ ነርቭም ሕክምና አለው። ሐኪም መርፌ ሊሰጥ ይችላል። ካልሆነም መቀነቱን በትንሽ ቀዶ ሕክምና ከፍቶ ነርቩን ያላላዋል። ብዙ ከዘገየ ግን የሟሸሸው ሥጋ ላይመለስ ይችላል።

ቀብድ የበላችው እናትስ?

ሥራውን ብታቆም ቀብዱ ዕዳ ይሆንባታል። ብትቀጥል እጇ ይጎዳል። እጇ ከተጎዳ ደግሞ የከርሞው ገቢም ቀረ። ታዲያ መላው ምንድን ነው? ዳንቴል አበባ አበባው ለየብቻ ተሠርቶ ኋላ ሊጋጠም ይችላል። አበባውን ለሦስትና ለአራት ጎረቤቶች ታካፍል፤ ገንዘቡንም አብረው ይካፈሉ። ለአዛዡም አስቀድማ ትንገር። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባል የለ! ለሚቀጥለው ሠርግ ደግሞ ሥራው ከመስከረም ይጀመር፤ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት።

እንወያይ

1. በመንደራችን እጁ ሌሊት የሚደነዝዝ ሰው አለ? የትኞቹ ጣቶች ናቸው?
2. ኪሮሽ ስንሠራ አንጓችን ቀጥ ይላል ወይስ ይታጠፋል? እርስ በርስ እንተያይ።
3. ትልቅ ትእዛዝ ሲመጣ ሥራውን እንዴት እንካፈል?