ጊሩን ማን በላው?



ለዒድ የገዛናት በሬሞት የምትነዳ የውድድር መኪና በሦስተኛው ሳምንት ሞተሯ እየጮኸ ጎማዋ አልዞር አለ። እኛም ለመፍረድ አልዘገየንም። «ያለ ልክ እየነዳህ ሰበርካት!» ብለን ልጃችንን ተቆጣነው፤ እርሱም አንገቱን ደፍቶ ዝም አለ። ማታ ክዳኗን ከፍተን ስንመለከት የትልቁ ጊር ጥርሶች ከጫፋቸው ተልጠዋል፤ የሞተሩ ብሎኖችም ላልተዋል። ያን ሞተር ከቀናት በፊት አጽድተን መልሰን ያሰርነው ደግሞ እኛው ነበርን።

ለመሆኑ ጊሩን የሚበላው ምንድን ነው? በሞተሩ ዘንግ ላይ ፒኞን የሚባል ትንሽ የብረት ጊር አለ። እርሱም ብዙውን ጊዜ ከፕላስቲክ የሚሠራውን ትልቁን ጊር ያዞራል። ትልቁ 88፣ ፒኞኑ 22 ጥርስ ቢኖራቸው ሞተሩ 4 ጊዜ ሲዞር ትልቁ አንድ ጊዜ ይዞራል። ሁለቱ ከተራራቁ ጥርሶቹ በጫፍ ብቻ ስለሚነካኩ በድንገት ነዳጅ ሲሰጥ፣ ማለትም የሬሞቱ ምላጭ ሲሳብ፣ ይላጣሉ። ከተጣበቁም ይጮኻሉ፣ ይግላሉ፣ ሞተሩንም ያደክማሉ።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። ከደብተር ቀጭን ወረቀት ቀድደን በሁለቱ መካከል እናስገባለን፤ ሞተሩን ወደ ትልቁ ጊር ገፍተን ብሎኖቹን እናጠብቃለን፤ ከዚያም ጊሩን አዙረን ወረቀቱን እናወጣለን። ፒኞኑን ይዘን ትልቁን ስንነቀንቀው ጥቂት መላወሻ ሊኖረው ይገባል። ጊሩ ፍጹም ክብ ላይሆን ስለሚችል በተለያየ ቦታ አዙሮ መፈተሽ ያሻል።

ሌሎችም ጥንቃቄዎች አሉ፦

• የጥርሶቹ መጠን አንድ ዓይነት ይሁን። ባለ 48 ፒች ከባለ 64 ፒች ጋር አይገጥምም።

• ጥርሱ የሾለ ያረጀ ፒኞን አዲሱንም ጊር ስለሚበላ ይለወጥ።

• ክፍት በሆኑ ጊሮች ላይ ግራሶ አይቀባ፤ አሸዋ ይዞ እንደ ሞረድ ይፍቃቸዋል። በደረቅ ብሩሽ መጥረግ ይበቃል።

• መኪናዋ ሙሉ በሙሉ ሳትቆም ወደ ኋላ አትነዳ፤ ከዝላይ ስታርፍም ምላጩ ይላላ።

ዕቃ አማና ነው፤ በቸልታ ማበላሸትም ኢስራፍ ነው። ሆኖም የጊሩ ዋጋ ትንሽ ነበር። የከበደን ያለ ጥፋቱ የተቆጣነው ልጅ ዝምታ ነው። ዲናችን ሳናጣራ እንዳንፈርድ ያዘናል፤ ይህ ትእዛዝ በገዛ ቤታችን ላለው ትንሽ ልጅም አይቀርም።

በማግስቱ ከዐስር ሶላት በኋላ አጠገባችን አስቀምጠን «ጥፋቱ የእኛ ነው፤ አውፍ በለን» አልነው። ቀና ብሎ አየንና ካቻቢቴውን ተቀበለን። አዲሱን ጊር ያሰረው እርሱ ነው፤ እኛ ወረቀቱን ያዝንለት።