መርፌው ተመዝግቧል፤ ሕመሙስ?

በአርባ ምንጭም ሆነ በጋሞ ደጋ ባሉ ሐኪም ቤቶች ማስታገሻ ሲሰጥ የመድኃኒቱ ስም፣ መጠኑ፣ ሰዓቱና የነርሷ ፊርማ በበሽተኛው ካርድ ላይ ይሰፍራል። ሕመሙ ቀነሰ ወይ የሚለው ግን ብዙ ጊዜ ሳይጻፍ ይቀራል።

ስንፍና ነው የሚሉ አሉ፤ እኛ እንዲህ አንልም። በብዙ ስፍራ ቅጹ ራሱ የሚጠይቀው ስለ መድኃኒቱ እንጂ ስለ ሰውየው አይደለም። በርክክብም ጊዜ ተረኛዋ የምትጠየቀው «ሰጥተሻል ወይ?» ተብላ ነው። በደም ሥር የተሰጠ ሞርፊን ሥራው በደንብ የሚታየው በ20 ደቂቃ ገደማ፣ በአፍ የሚወሰደው ደግሞ በ1 ሰዓት ገደማ ነው። ያን ጊዜ እርስዋ ሌላ አልጋ ዘንድ ናት።

ሌላው ምክንያት ከራሳችን ልማድ የመጣ ነው። እግራቸው ተሰብሮ ከጨንቻ የወረዱ ሽማግሌ አሉ እንበል። ሲስተር «አባባ፣ ተሻለዎት?» ብትላቸው፣ ጥርሳቸውን ነክሰውም ቢሆን «እግዚአብሔር ይመስገን» ይላሉ። ጋሞኛ ብቻ የሚናገሩ ከሆነ ደግሞ መልሱ የሚመጣው በልጃቸው አፍ ነው። ታዲያ ነርሷ ምን ትጻፍ? ከ0 እስከ 10 ባለው መለኪያ፣ 0 ምንም ሕመም የሌለበት፣ 10 ከሁሉ የከፋው ተብሎ ቢጠየቁ ይሻላል። ቁጥር ለማይመቻቸው «ምንም፣ ትንሽ፣ ብዙ፣ የማይቻል» ማለት ይበቃል፤ ለልጆችም የፊት ሥዕል አለ።

ባዶው ቦታ ጉዳት አለው። ከመርፌው በፊት 8 የነበረው ሕመም ወደ 3 ይውረድ ወይም እዚያው ይቁም፣ የሌሊቷ ተረኛ አታውቅም፤ ሐኪሙም ጠዋት መጠኑን ሳይለውጥ ያልፋል። የዓለም የጤና ድርጅት በ1986 እ.ኤ.አ. ለካንሰር ሕመም ያወጣው መመሪያ ከደካማው ማስታገሻ ወደ ብርቱው በደረጃ መውጣትን ያስተምራል፤ የፊተኛው እንዳልበቃ ካልተጻፈ ግን ማን ወደሚቀጥለው ይወጣል? በሞርፊን ደግሞ ነገሩ ይብሳል። በሽተኛው ዝም ያለው ዕረፍት አግኝቶ ነው፣ ወይስ መድኃኒቱ በዝቶበት እስትንፋሱ እየዘገየ ነው? አተነፋፈሱና ንቃቱ በየሰዓቱ ካልተመዘገበ መለየቱ ያስቸግራል።

የፕሮጀክት ሠራተኞች ሆይ፣ ቅጽ ስታሳትሙ ከፊርማው አጠገብ 2 ዓምድ ጨምሩ፤ አንዱ «በፊት»፣ አንዱ «በኋላ»። ሕሙማንን የምትጠይቁና የምታስታምሙም፣ ከመርፌው በኋላ ሕመሙ ካልለቀቃቸው ለተረኛዋ ንገሩ፤ ጋሞኛ የምትችሉ አስተርጉሙላት።