በአሮጌ ተሽከርካሪዎች የኋላ አክስል ላይ የሚሰማ ድምፅ፦ መንስኤውን መለየትና መጠገን

ብዙ ዓመታት ካገለገለ ተሽከርካሪ የኋላ ክፍል የሚሰማ ጉምጉምታ ወይም ፉጨት አብዛኛውን ጊዜ በድንገት አይጀምርም። ቀስ በቀስ ስለሚጨምር አሽከርካሪው ይለምደዋል፤ ድምፁን መጀመሪያ የሚያስተውለውም ብዙ ጊዜ በዚያ ተሽከርካሪ ተሳፍሮ የማያውቅ እንግዳ ነው። ከጥር 2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ ኢትዮጵያ እንዳይገቡ በመወሰኑ ቀድሞ የገቡት ለተጨማሪ ዓመታት መንገድ ላይ እንደሚቆዩ ይታወቃል። ስለዚህ የኋላ አክስልን ድምፅ መለየት ከወጪ ቁጠባ ባሻገር የደኅንነት ጉዳይ ነው።

አደጋው ከሁለት አቅጣጫ ይመጣል። የመጀመሪያው ከአክስሉ የሚያፈስ ዘይት የኋላ ፍሬን ሸራን ማራሱ ነው። በከተማ ውስጥ በዝግታ ሲነዳ ችግሩ ላይታወቅ ይችላል፤ ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ በሚወስደው ረጅም ቁልቁለት ላይ ግን አንዱ የኋላ ጎማ ፍሬን ሳይዝ ሲቀር ልዩነቱ የሕይወትና የሞት ይሆናል። ሁለተኛው የጎማ ኩሽኔታ መሰበር ነው። እንደ ቶዮታ ሃይኤስና ሃይሉክስ ባሉ የኋላ ጎማቸው የሚነዳ በርካታ ተሽከርካሪዎች ጎማው የሚታሰረው በቀጥታ በዘንጉ ጫፍ ላይ ነው፤ ዘንጉን በቦታው የሚያቆየውም ኩሽኔታውና በስተጀርባው በኃይል የገባው የብረት ቀለበት ናቸው። እነዚህ ከለቀቁ ጎማው ከነዘንጉ ተንሸራቶ ሊወጣ ይችላል። እንደ ኢሱዙ ኤን ፒ አር ባሉ የጭነት መኪናዎች ላይ ጎማው በራሱ ሁለት ኩሽኔታዎች ስለሚሸከምና ዘንጉ ኃይል ከማስተላለፍ በቀር ክብደት ስለማይሸከም ይህ ዓይነቱ አደጋ ያነሰ ነው።

የአክስሉ አሠራር

ከካምቢዮ ወደ ኋላ የሚሄደው ረጅም ዘንግ በሁለቱ ጫፎቹ በክሮቼራ ተያይዞ ዲፍረንሻሉ ውስጥ ያለውን ትንሹን ጥርስ፣ ፒኞኑን፣ ያዞራል። ፒኞኑ ደግሞ ትልቁን ጥርስ፣ ኮሮናውን፣ ይነዳል። በብዙዎቹ ቀላል ተሽከርካሪዎች ጎማው አንድ ጊዜ ሲዞር ፒኞኑ አራት ጊዜ ያህል ይዞራል። ይህ ቁጥር ድምፅን ለመለየት ትልቅ ጥቅም አለው፤ የፒኞኑ ኩሽኔታዎች ሲበላሹ ቀጭንና ፈጣን ድምፅ የሚያሰሙት፣ የጎማና የኮሮና ኩሽኔታዎች ግን ወፍራም ጉምጉምታ የሚያሰሙት በዚሁ ምክንያት ነው። በኮሮናው መካከል ያሉት ትንንሽ ጥርሶች በቀጥታ መንገድ ላይ እርስ በርሳቸው አይዞሩም፤ የሚሠሩት ተሽከርካሪው ሲታጠፍ ብቻ ነው። በመሆኑም በመታጠፊያ ላይ ብቻ የሚሰማ መንቋቋት ወደ እነርሱ ይጠቁማል።

በመንገድ ላይ የሚደረግ ፍተሻ

ከሁሉ አስቀድሞ ጎማው ራሱ ጥርጣሬ ውስጥ መግባት አለበት። ያለ አግባብ ያለቀ ጎማ የሚያሰማው ድምፅ ከተበላሸ ኩሽኔታ ድምፅ ጋር እጅግ ስለሚመሳሰል ጤነኛ ዲፍረንሻል ያለ ምክንያት ሲፈታ ማየት የተለመደ ነው። የጎማ ድምፅ የመንገዱ ገጽ ሲለወጥ አብሮ ይለወጣል፤ ከሻካራ አስፋልት ወደ ለስላሳ አስፋልት ሲገባ ይቀንሳል ወይም ይጠፋል። የአክስል ድምፅ ግን የመንገዱን ገጽ አይከተልም። የፊቱንና የኋላውን ጎማዎች አቀያይሮ እንደገና መንዳት ጥርጣሬውን ያለ ብዙ ወጪ ይፈታል።

ከዚያ በኋላ ተሽከርካሪው የትራፊክ እንቅስቃሴ በማይበዛበት ቀጥ ያለ ሜዳ መንገድ ላይ፣ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በተለያየ ሁኔታ ይነዳል፤ በመጀመሪያ ነዳጅ እየተሰጠ፣ ቀጥሎ ፍጥነቱ ሳይጨምርና ሳይቀንስ፣ በመጨረሻም እግር ከነዳጅ መስጫው ላይ ተነሥቶ። ነዳጅ ሲሰጥ ብቻ የሚሰማ ፉጨት የኮሮናና የፒኞን ጥርሶች በሚነዳው ጎናቸው ማለቃቸውን ወይም አቀማመጣቸው መዛባቱን ያሳያል። እግር ሲነሣ ብቻ የሚሰማው ደግሞ ብዙ ጊዜ የፒኞኑ ማሰሪያ ዳዶ መላላቱን ወይም የጥርሶቹ ሌላኛው ጎን መጎዳቱን ያመለክታል። ነዳጅ ቢሰጥም ባይሰጥም ሳይለወጥ የሚቀጥል ጉምጉምታ የኩሽኔታ ነው። ማርሹን ዜሮ አድርጎ ለጥቂት ጊዜ ማንከባለልም ይቻላል፤ ይህ ግን በሜዳ ላይ ብቻ እንጂ በቁልቁለት ፈጽሞ መደረግ የለበትም፤ ሞተሩም መጥፋት የለበትም። ተሽከርካሪው ቆሞ ሞተሩ ዙር ሲጨምር ያው ድምፅ ከተሰማ ምንጩ አክስሉ አይደለም።

የግራውን ኩሽኔታ ከቀኙ ለመለየት በሰፊ ኩርባ ላይ በመጠነኛ ፍጥነት መታጠፍ ይረዳል። ወደ ግራ ሲታጠፍ ክብደቱ ወደ ቀኝ ስለሚያመዝን ድምፁ ከጨመረ በአብዛኛው የተጎዳው የቀኙ ነው። ፍተሻው ሁልጊዜ ቁርጥ ያለ መልስ ይሰጣል ማለት አይደለም፤ ድምፅ በተሽከርካሪው አካል ብረት ውስጥ ስለሚጓዝ ከኋላ የተቀመጠ ሰው እንኳ ጎኑን ሊያሳስት ይችላል። ተሽከርካሪው ሲነሣ ወይም ማርሽ ሲቀየር አንድ ጊዜ የሚሰማ «ኳ» የሚል ምት ደግሞ መጀመሪያ የሚያስጠረጥረው ክሮቼራውን ነው፤ እርሱም ከአክስሉ እጅግ ርካሽ ስለሆነ አስቀድሞ መታየት ይገባዋል።

ተሽከርካሪው ተነሥቶ የሚደረግ ፍተሻ

የኋላ ጎማዎች በነጻ መዞር ስላለባቸው በዚህ ጊዜ የእጅ ፍሬን መለቀቁ ግድ ነው። በመሆኑም የፊት ጎማዎች ከፊትም ከኋላም በታኮ መያዝ አለባቸው። በክሪክ ብቻ በተነሣ ተሽከርካሪ ሥር መግባት በጋራዥም ሆነ በመንገድ ዳር የተከለከለ ሊሆን ይገባል፤ አክስሉ በጠንካራ ማቆሚያ ብረት ላይ ማረፍ አለበት። የተደረደረ ድንጋይ ማቆሚያ አይደለም።

አንድ እጅ በባሌስትራው ላይ አሳርፎ በሌላው እጅ ጎማውን በዝግታ ማዞር ቀላል ሆኖ ብዙ የሚናገር ዘዴ ነው፤ የተበላሸ ኩሽኔታ ለጆሮ ባይሰማም በብረቱ በኩል ለእጅ ይሰማል። ጎማውን ከላይና ከታች ይዞ ሲነቀነቅ ጎልቶ የሚታይ ልቅነት ካለም ኩሽኔታው መቀየር አለበት። በታምቡሩ ውስጠኛ ጎንና በጎማው ላይ የዘይት እርጥበት ከታየ ተሽከርካሪው ሳይጠገን ከቦታው ባይንቀሳቀስ ይመረጣል።

ዘይቱ የሚናገረው

ዘይቱን ለማየት መጀመሪያ የሚፈታው የመሙያው ቡሎን ነው። የማፍሰሻው ቀድሞ ተፈትቶ የመሙያው በዝገት ምክንያት እምቢ ካለ ተሽከርካሪው ያለ ዘይት ባለበት ይቀራል። የዘይቱ ከፍታ ከመሙያው ቀዳዳ ታችኛ ጠርዝ ጋር እኩል መሆን አለበት። በወጣው ዘይት ውስጥ እንደ ቅባት የላመ ግራጫ የብረት ዱቄት መታየቱ በአሮጌ አክስል የሚጠበቅ ነው፤ በጣት የሚያዝ ስብርባሪ ግን የጥርስ ወይም የኩሽኔታ ቁራጭ ነው።

ወተት የተቀላቀለበት ቡና የመሰለ ዘይት ውኃ ገብቶበታል። አክስሉ ረጅም ጉዞ ግሎ በክረምት የሞላ ወንዝ ውስጥ ሲገባ በውስጡ ያለው አየር በድንገት ቀዝቅዞ ይሰበሰብና በአክስሉ ላይ ባለችው ትንሽ መተንፈሻ ወይም በአረጁ የዘይት ማገጃ ጎማዎች በኩል ውኃ ይስባል። ይህችው መተንፈሻ በጭቃ ስትደፈን ደግሞ ተቃራኒው ይሆናል፤ የጋለው አየር መውጫ ሲያጣ ዘይቱን በማገጃዎቹ በኩል ገፍቶ ወደ ፍሬኑ ያስወጣዋል። ማገጃው በተደጋጋሚ እየተቀየረ ማፍሰሱ ካልቆመ መተንፈሻዋን ማጽዳት የሚረሳ ነገር መሆን የለበትም።

የሚሞላው ዘይት ለዲፍረንሻል የተሠራና አምራቹ ያዘዘው ሊሆን ይገባል፤ በአብዛኛው ጂ ኤል 5 ደረጃ ያለው 80ደብሊው 90 ወይም 85ደብሊው 90 ነው። የሞተር ዘይት በጥርሶቹ መካከል ያለውን ከፍተኛ ጫና አይችልም። ድምፅ ለማፈን በዘይቱ ውስጥ ሰጋቱራ መጨመር የቆየ የሽያጭ ማታለያ ነው፤ አሮጌ ተሽከርካሪ የሚገዛ ሰው ከስምምነቱ በፊት ከመሙያው ቀዳዳ ጥቂት ዘይት አውጥቶ ቢያይ ብዙ ገንዘብ ያድናል።

ጥገናው

የጎማ ኩሽኔታ መቀየር በሚገባ የተደራጀ ጋራዥ በአንድ ቀን የሚጨርሰው ሥራ ነው። ዋናው ጥንቃቄ የብረት ቀለበቱ ላይ ነው፤ አንድ ጊዜ ከወጣ ተመልሶ አይገባም፣ አዲስ ይገዛል። አሮጌውን በሞረድ መሣሪያ ከፊል ቆርጦ በመሮ መሰንጠቅ የተለመደ ቢሆንም ዘንጉ ላይ ጭረት ከቀረ ዘንጉ በዚያው መስመር ሊሰበር ይችላል። አዲሱ ኩሽኔታ በፕሬስ ይገባል እንጂ በመዶሻ አይመታም።

ፒኞኑ ጋ ያለ የዘይት ማገጃ ሲቀየር የሚፈጸም አንድ ስሕተት ብዙ አክስል ያበላሻል። የፒኞኑ ዳዶ ጥብቀት የኩሽኔታዎቹን ጫና ይወስናል፤ ተፈትቶ በግምት ሲጠብቅ ወይ ይላላል ወይ ከልክ ያልፋል፤ ከሳምንታት በኋላም ከዚህ በፊት ያልነበረ ፉጨት ይመጣል። ዳዶው ከመፈታቱ በፊት ቦታው በምልክት መያዝና ዘንጉን ለማዞር የሚያስፈልገው ኃይል መለካት አለበት።

ኮሮናና ፒኞን የሚሠሩት ተጣምረው ስለሆነ አንዱን ብቻ መቀየር ገንዘብን መጣል ነው። አዲሶቹ ሲገጠሙ በጥርሶቹ መካከል የሚቀረው ክፍተት በመለኪያ ይታያል፤ በብዙ የቶዮታ ዲፍረንሻሎች ከ0.13 እስከ 0.18 ሚሊ ሜትር ነው። ጥርሶቹም ቀለም ተቀብተው የሚነካኩበት ቦታ ይመረመራል። ይህን የሚለካ መሣሪያ የሌለው ጋራዥ ዲፍረንሻል ባይከፍት ይሻላል። ለዓመታት ሲፎጭ የኖረን አሮጌ ጥርስ በማስተካከል ብቻ ዝም ማሰኘትም ከንቱ ድካም ነው፤ ካልሞቀና ብረት ካላረገፈ እንዳለ መተው ይቻላል።

ሙሉ ያገለገለ ዲፍረንሻል ከመርካቶ ሶማሌ ተራም ሆነ ከሌላ ቦታ የሚገዛ ባለንብረት የዙሩን መጠን ማመሳከር አለበት። አንዱ ጎማ ተይዞ ሌላው ሁለት ዙር ሲዞር ፒኞኑ የሚዞረው ቁጥር የዙሩ መጠን ነው። በአራቱም ጎማ በሚነዳ ተሽከርካሪ የኋላውና የፊቱ መጠን ካልተመሳሰለ በደረቅ አስፋልት ላይ ፊቱ ሲያያዝ መላው ማስተላለፊያ ይጎዳል።

አዲስ ጥርስ የገባለት አክስል በመጀመሪያዎቹ መቶዎች ኪሎ ሜትሮች ከባድ ጭነት አይጫንበትም፤ ከመጀመሪያው አጭር ጉዞ በኋላ እንዲቀዘቅዝ ይደረጋል፤ ዘይቱም 800 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሞላው ይቀየራል።