የዶሮ ወስፋት፦ መድኃኒቱ ብቻ ለምን አይበቃም?

በደባርቅ፣ በዳባትና በሰሜን ተራሮች ግርጌ የእንቁላል ገንዘብ ብዙውን ጊዜ የእናቶች ነው፤ ጨውና ደብተር ይገዛበታል። ስለዚህ ዶሮዋ እየበላች ስትከሳና እንቁላል ስትቀንስ ጉዳቱ የቤተሰቡ ነው። ፈንግል ዶሮዎችን በድንገት ይፈጃል፤ ወስፋት ግን ቀስ በቀስ ያመነምናል።

በዓይን የማይታየው የወስፋቱ እንቁላል ከኩስ ጋር ይወጣል። እርጥበትና ሙቀት ካገኘ በ2 ሳምንት ገደማ ለመተላለፍ ይደርሳል፤ ዶሮዋም ስትጭር ትውጠዋለች። ፒፐራዚን የተባለው መድኃኒት በሆዷ ያለውን ያደገ ወስፋት ያስወጣል እንጂ መሬት ላይ የቀረውን እንቁላል አይነካም።

ስለዚህ ወገኖች፣ መድኃኒቱን የእንስሳት ጤና ባለሙያ ባዘዘው መጠን እንስጥ፤ በቀጠረውም ቀን እንድገም። በዚያው ሰሞን ከቆጡ ሥር ያለውን ኩስ ጠርገን እንቅበር፤ ማደሪያውን እናድርቅ፤ ጫጩቶችን ከትልልቆቹ እንለይ። የፕሮጀክት ሠራተኞችም መድኃኒቱን ስናድል ጽዳቱን አብረን እናስተምር።