ክረምት ሲገባ ቅጠሉን የሚያራግፈው ዛፍ

በአዳማ ወይም በአካባቢዋ ባሉት የስምጥ ሸለቆ ከተሞች የምትኖሩ ከሆነ፣ በማሳ መካከል ብቻውን የቆመ ትልቅ ግራር ሳታዩ አትቀሩም። በኦሮምኛ ገርቢ ይባላል። በሐምሌ፣ ምድሩ ሁሉ ሲለመልም ይህን ዛፍ ብታዩት ራቁቱን ነው። ለአገሩ እንግዳ የሆነ ሰው «ይህማ ደርቋል፤ ለማገዶ ይቆረጥ» ቢል አይፈረድበትም።

እስቲ በጥር ተመልሳችሁ እዩት! ሣሩ ደርቆ፣ አቧራው ሲቦን ገርቢ አረንጓዴ ለብሶ ይጠብቃችኋል። ምሥጢሩ ያለው ከመሬት በታች ነው። ሥሩ ጠልቆ የከርሰ ምድር ውኃ ስለሚያገኝ በበጋ ያቆጠቁጣል፤ ዝናብ ሲገባ ደግሞ ቅጠሉን ያራግፋል። ስለዚህ በክረምት አጠገቡ የተዘራው እህል ፀሐይ አይከለከልም፤ የረገፈውም ቅጠል መሬቱን ያዳብራል። ገበሬው ይህን ስለሚያውቅ ዙሪያውን ያርሳል እንጂ አይቆርጠውም። እንዴት አወቀ? ዓመቱን ሙሉ አብሮት ስለኖረ ነው።

የትዳር ጓደኛንስ በአንድ ወቅት ብቻ አይቶ ማወቅ ይቻላል? የአዳማ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2011 ዓ.ም. ተመርቋል። በዚያም ሆነ በሌላ ቦታ በፈረቃ የምትሠሩ ከሆነ፣ አንዳችሁ ስትገቡ ሌላችሁ ትወጣላችሁ። የምትገናኙት ሁለታችሁም ከደከማችሁ በኋላ ነው። በዚህ ሰዓት ዝም ያለውን ሰው አይቶ «ፍቅሩ ደርቋል» ማለት ይቀላል። ተቸኩሎ የሚሰጥ እንዲህ ያለ ፍርድ ግን ቤት ያፈርሳል።

እንግዲህ በቅርባችሁ ያለ አንድ ዛፍ ምረጡ። በወር አንድ ቀን፣ ዕረፍታችሁ ሲገጥም፣ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ወደዚያው ቦታ ሂዱ። ቅጠሉ መቼ ወጣ? የተጠማዘዘው ብርቱካንማ ፍሬውስ መቼ ወደቀ? ከብቶች በሉት? የአውሮፓን ብርድ ሸሽተው ወደ ስምጥ ሸለቆ የሚመጡት ወፎች በመስከረምና በጥቅምት ታዩ? በመጋቢትስ ሄዱ? ነቢዩ ኤርምያስ በምዕራፍ 8 ሽመላ ጊዜዋን እንደምታውቅ መናገሩን ለልጆቻችሁ አስታውሷቸው።

ባልና ሚስት ያያችሁትን ከነቀኑ በየደብተራችሁ ጻፉ፤ ከዚያም ተለዋውጣችሁ አንብቡ። አንዳችሁ ያላያችሁትን ሌላችሁ አይታችሁ ታገኙታላችሁ። በመንገድ ላይም በቤት ውስጥ ጊዜ ያጣችሁለት ጨዋታ ይመጣል።

ዓመቱ ሲሞላ ደብተራችሁን ግለጡ። የሐምሌው ገጽ «ራቁቱን ነው»፣ የጥሩ ደግሞ «ለምልሟል» ይላል፤ ዛፉ ግን ያው አንድ ዛፍ ነው። ያን ጊዜ ከጎናችሁ የተቀመጠውን ሰው ዞር ብላችሁ እዩት። እርሱም ገና ያላያችሁት ወቅት ይኖረዋልና፣ ለመፍረድ አትቸኩሉ።